እምነቱን የጻፈ ዜና አቅራቢ ወንበሩን ይልቀቅ?

ሰሞኑን እዚህ ጅማ አንድ ጽሑፍ ሲያነጋግር ከረመ። ቡና ላይም፣ ቢሮም፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥም ተነሳ። ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይህን ነው፦ የቴሌቪዥን ዜና የሚያቀርብ ሰው ስለ ግል እምነቱ መጽሐፍ መጻፍ የለበትም። ከጻፈ ዜናውን ይተው። ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት አሜሪካኖቹን ነው፤ ዴቪድ ግሪጎሪን፣ አይንስሊ ኤርሃርትንና ሃሪስ ፎክነርን። ሦስቱም በቴሌቪዥን የታወቁ፣ ሦስቱም ስለ እምነት መጽሐፍ ያወጡ ናቸው። ነገሩ ወደ እኛም መምጣቱ አይቀርም፣ ሳይመጣ በሩን እንዝጋ ይላሉ።

ጽሑፉ ጨዋ ነው። ስድብ የለበትም፣ የማንንም ሃይማኖት አይነካም። ጨዋ ስለሆነም ብዙ ሰው ተቀበለው። እኔ ግን አልተቀበልኩትም። ያነሷቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ልያዛቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ ጠንካራ ይመስላል። ዜና አቅራቢ የሁሉም ነው። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም እኩል ይሰማዋል። እምነቱን በመጽሐፍ ካወጣ ግን የአንዱ ይሆናል፣ ሌላው እሱን ማመን ይተዋል።

ይህ የሚያስኬደው ሃይማኖቱ ተደብቆ ከነበረ ነው። እዚህ ሀገር ማን ደብቆ ያውቃል? ዜና አቅራቢው ካሜራው እንደተከፈተ ስሙን ይናገራል። ገብረማርያም ነኝ ካለ ነገሩ አለቀ። አብዱልቃድር ነኝ ካለም አለቀ። የሱ ስም ባይናገር የአባቱ ስም ይናገራል። እሱም ባይናገር ማተቡ አለ፣ ሂጃቧ አለ። እዚህ ጅማ ሄርማታ ገበያ ሸቀጡን ዘርግቶ ዜና የሚያዳምጥ ነጋዴ አቅራቢው የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ ከጣቢያው ኃላፊ ባላነሰ ያውቃል። እያወቀ ነው የሚሰማው። የሚቀየመው ዜናው ሲያዳላ ነው።

ሴቶቹ ላይ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ጸሐፊው ይህን ያሰቡበት አይመስለኝም። ግብፅ ውስጥ ሂጃብ የለበሰች ሴት በመንግሥት ቴሌቪዥን ዜና እንድታነብ ለአሥርት ዓመታት አይፈቀድም ነበር። ፋጢማ ነቢል ሂጃቧን አድርጋ ዜና ያነበበች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 ነው። ሀገሩ ግብፅ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም የሆነበት ሀገር! እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016፣ ፈረንሳይ ኒስ ላይ ሰው በጭነት መኪና ከተጨፈጨፈ በኋላ፣ የቻናል ፎር ጋዜጠኛዋ ፋጢማ ማንጂ ዜናውን አቀረበች። ኬልቪን ማኬንዚ የተባለ አምደኛ ዘ ሰን ጋዜጣ ላይ፣ ሂጃብ የለበሰች ሴት ይህን ዜና ማቅረቧ ተገቢ ነወይ ብሎ ጻፈ። ያነሳው የዜና ስሕተት አልነበረም። ያነሳው ልብሷን ነው።

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ከሚማሩት ሴት ልጆች መካከል ሂጃብ የሚያደርጉ አሉ። የታወቀ እምነት አመኔታን ያጠፋል ከተባለ እነዚህ ልጆች ገና ሳይመረቁ ከዜና ወንበር ተባረሩ ማለት ነው። እምነታቸው በየምሽቱ በስክሪኑ ላይ ይታያልና። ክርስቲያኑ ማተቡን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ገለልተኛ መስሎ ሊቀመጥ ይችላል። እሷ አትችልም። ጸሐፊው ይህን እንደማይፈልጉ እርግጠኛ ነኝ፤ ክርክራቸው ግን ተከትለውት ቢሄዱ የሚያደርሰው እዚያ ነው።

ከራሳችን ታሪክም ማስረጃ አለ። ትልልቆቹ ብስራተ ወንጌል ራዲዮን ያስታውሳሉ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጣቢያ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተ። ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። ሆኖም አብዛኛውን የአየር ሰዓቱን ለዜናና ለትምህርት ሰጥቶ ብዙ አድማጭ አፍርቷል። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አለው። ከዚያ በኋላ ዜና የሚያነበው ሰው ስለ እምነቱ ትንፍሽ አይልም። እምነት ቢኖረውም ደብቆ ይይዘዋል። ታዲያ የቀይ ሽብር ዘመን ዜና የበለጠ እውነት ነበር? አንባቢው ስለ እግዚአብሔር ዝም ስላለ ስለ ሟቾቹ እውነቱን ነገረን?

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ግሪጎሪ ነው። ግሪጎሪ መጽሐፉን ያወጣው ከኤንቢሲ ቴሌቪዥን ከለቀቀ በኋላ ነው፤ እሱ ራሱ ዜናና የእምነት መጽሐፍ አብረው እንደማይሄዱ ያውቅ ነበር ይላሉ።

የዘመኑ ቅደም ተከተል ልክ ነው። ግሪጎሪ ከጣቢያው የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ነው፣ መጽሐፉ የታተመው በ2015። የወጣው ግን መጽሐፍ ሊጽፍ ብሎ አይደለም። የእሑድ ፕሮግራሙ ተመልካች ቀንሶ ጣቢያው ቻክ ቶድ በተባለ ሌላ ጋዜጠኛ ስለተካው ነው። እምነቱን በቁም ነገር መመርመር የጀመረው ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ የዋይት ሐውስ ዘጋቢ ሳለ ነው። ጆርጅ ቡሽ ይህን ሰምተው እምነትህስ እንዴት ነው ብለው ጠይቀውታል። ፕሬዝዳንቱ ያወቁት ነገር ምስጢር አይባልም።

በዚያው ዘመን ሰውየው በሥራው ላይ ምን ይመስል ነበር? እ.ኤ.አ. በ2006 ምክትል ፕሬዝዳንት ዲክ ቼኒ አደን ላይ ሳሉ ባልንጀራቸውን በጥይት መቱ፤ ዜናውም ቶሎ አልተነገረም። የዋይት ሐውሱን ቃል አቀባይ ስኮት ማክሌላንን በጥያቄ ካፋጠጡት ዘጋቢዎች ፊት ለፊት የነበረው ግሪጎሪ ነው። ቡሽ ስለ እምነታቸው በአደባባይ የሚናገሩ ሰው ናቸው። የግሪጎሪ እምነት ዜናውን የሚያለሰልስ ቢሆን የሚለሰልሰው እዚያ ነበር። አልለሰለሰም።

መጽሐፉ ውስጥ ያለውንም ማየት ይገባል። አባቱ አይሁዳዊ ናቸው፣ እናቱ ካቶሊክ። እሱ ያደገው በአይሁድ እምነት ነው። ያገባት ሴት ፕሮቴስታንት ናት፣ ልጆቻቸውን ደግሞ በአይሁድ እምነት ያሳድጋሉ። እናቱ በመጠጥ ሲቸገሩ ልጅ ሆኖ ምን እንዳየ ይናገራል። ሰውየው ማንንም ወደ ራሱ ሃይማኖት አይጎትትም፤ ገና ራሱ እየጠየቀ ነው። እስቲ ጅማን አስቡት። ሙስሊም አክስትና ክርስቲያን አጎት ያለው ሰው እዚህ ብርቅ ነው? በአንድ ግቢ አረፋም ገናም የሚከበርበት ቤት የለም? ከእንዲህ ዓይነት ቤት የወጣ ዜና አቅራቢ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢያወጣ እኔ ቀድሜ እገዛዋለሁ።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ የአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ የነበረው ዳን ሃሪስ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 በቀጥታ ስርጭት ዜና እያነበበ ድንገት ፍርሃት ወሮት ትንፋሹ ተቆረጠ። ንባቡን አቋርጦ ለባልደረቦቹ መለሰ። በኋላ እንደተናገረው ጦርነት ሲዘግብ ከርሞ ጭንቀት ይዞታል፣ ኮኬይንም ይወስድ ነበር። እምነት የሌለው ሰው ሆኖ ሳለ አለቃው ፒተር ጄኒንግስ የሃይማኖት ዘገባ ላይ መድበውት ነበር። ከዚያ ወደ ቡድሂስቶች ተመስጦ ደረሰ። ይህን ሁሉ በ2014 ሲያሳትም ከኤቢሲ አልለቀቀም፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሠርቷል። ኤርሃርትም በ2018፣ ፎክነርም በ2022 ሲያሳትሙ ሥራቸው ላይ ነበሩ። እርግጥ ኤርሃርትና ፎክነር የሚሠሩበት ፎክስ ላይ እኔም ቅሬታ አለኝ። ቅሬታዬ ግን ዜናና አስተያየት አንድ ድስት ውስጥ ስለሚጣሉ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። ጣቢያው በሰጠው ዝና የግል ኪሱን ይሞላል ይላሉ። ብዙ የሚያከራክር አይደለም። ጳውሎስ ኞኞም በዓሉ ግርማም የጋዜጣ ሰዎች ነበሩ፣ መጻሕፍትም ጽፈዋል። በጋዜጣ ዝናችሁ መጽሐፍ ሸጣችሁ ብሎ የከሰሳቸው አልሰማሁም። ደግሞ ወረቀት እንዲህ በተወደደበት ሀገር መጽሐፍ አሳትሞ ኪሱን የሚሞላ ደራሲ ካለ ይጠቁሙኝና ምስጢሩን ልጠይቀው።

አራተኛ፣ የኖርዌይን ምሳሌ ያመጣሉ። የሕዝብ ጣቢያው ኤንአርኬ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲቭ ክሪስቲን ሴልማን የተባለችን ዜና አቅራቢ የመስቀል ሐብል አድርጋ እንዳትቀርብ ነግሯታል። እውነት ነው። ክርክር ያስነሳው ግን በዜና ሰዓት አንገቷ ላይ ያለው ነገር ነው። ቤቷ ሄዳ ምን እንደምትጽፍ ማንም አልጠየቀም። የአውሮፓን ደንብ እንቅዳ ከተባለ ደግሞ ሁሉንም እንይ። የቢቢሲ አቅራቢ የነበረው ዳን ዎከር በእምነቱ ምክንያት እሑድ አይሠራም ነበር። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር። የስፖርት ሰው ነው እኮ፣ እሑድ ደግሞ ኳስ አለ! ያም ሆኖ ቢቢሲ ለዓመታት የጠዋት ዜና ፕሮግራሙን እንዲያቀርብ አድርጎታል።

አምስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ስለምወደው። እምነት በሰውና በፈጣሪው መካከል ያለ ነገር ነው፤ እውነተኛ አማኝ አደባባይ አያወጣውም ይላሉ።

ኢማም አል-ጋዛሊን ጅማ ውስጥ የማያውቅ ደረሳ የለም። እ.ኤ.አ. በ1095 ባግዳድ ውስጥ በኒዛሚያ መድረሳ የታወቀ መምህር ነበሩ። ዝናቸው ከጫፍ የደረሰበት ጊዜ ነው። ከዚያ ምላሳቸው ተያዘ። ማስተማር ፈለጉ፣ ቃል አልወጣ አለ። ምግብ አልዋጥ አለ። ሥራቸውን ትተው ከተማውን ለቀቁ። ይህን ሁሉ የምናውቀው ሌላ ሰው ስላወራባቸው አይደለም። ራሳቸው ስለጻፉት ነው። ጥርጣሬያቸውን ሳይቀር።

በክርስቲያኑ ወገን አውግስጢኖስ አለ፤ የሰሜን አፍሪካ ሰው፣ የዛሬዋ አልጄሪያ ልጅ። ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ሚላን ውስጥ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። ቤተ መንግሥት ሲፈልግ የሙገሳ ንግግር ያቀርባል። አንድ ጊዜ ለንጉሠ ነገሥቱ ሊያቀርብ ያዘጋጀውን ንግግር ሲያስታውስ፣ ብዙ ውሸት ልናገር ነበር፣ ውሸት መሆኑን የሚያውቁትም ሊያጨበጭቡልኝ ነበር ይላል። ዜና ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ሳቅ ብሎ ዞር ዞር ሳይል አይቀርም።

ሁለቱም በአደባባይ በመናገር የታወቁ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ስለ እምነታቸው ሲጽፉ የገጠማቸው አንድ ነው፤ ሰው ፊት የሚናገሩትና ውስጣቸው ያለው አልገጥም አለ። ዛሬ ካሜራ ፊት የሚቀመጥ ሰው ከዚህ የተለየ ምን አለበት? እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ከዜና አቅራቢ ቢመጣ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው በጣም ጥቂት መሆኑ ነው።

ስድስተኛው ነጥባቸው ከሁሉ ይከብዳል። የእኛ አካባቢ ሃይማኖት ሲነካ ይነዳል ይላሉ። አሰንዳቦን ያስታውሳሉ። ልክ ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ከጅማ ብዙም በማይርቀው አሰንዳቦና አካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል። በዚህ የሚቀልድ ሰው እዚህ ኖሮ አያውቅም።

ግን ምን ነበር ያቀጣጠለው? በወቅቱ መነሻ ሆኖ የተዘገበው ቁርኣን ተዋርዷል የሚል ወሬ ነው። ወሬ ባለቤት የለውም። ማን እንዳለው አይታወቅም፣ ተጠርቶ አይጠየቅም፣ አይታረምም። መጽሐፍ ግን ስም አለው፣ ሽፋኑ ላይ ፎቶ አለው፣ ገጽ አለው። ቅር የተሰኘ ሰው ገጹን ጠቅሶ ይከራከራል፣ ሕግ ከጣሰም ይከሰሳል። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት አልችልም።

ከዚህም በላይ፣ ወሬ ሲነሳ ሰው የሚያምነው ማንን ነው? ጠብ በርዶ እርቅ ሲፈለግ የሚላኩትን ተመልከቱ። ቄሱና ሼኩ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ መስቀሉን ይዟል፣ ሌላው ጥምጣሙን አድርጓል። ገለልተኛ እንድትመስሉ እምነታችሁን ደብቁ ያላቸው የለም። የሚሰሙት የየትኛው ወገን እንደሆኑ እየታወቀ እውነቱን ስለሚናገሩ ነው። ሃይማኖቱን የሚወድ ሙስሊም ዜና አቅራቢ ያ ወሬ ሐሰት ነው ቢል ሙስሊሙ ጆሮውን ይሰጠዋል፤ የእምነቱን ክብር ሸጦ እንደማይናገር ያውቃላ። ክርስቲያኑም እንዲሁ። እምነቱ አይታወቅ የተባለ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ማንሳት የነበረባቸውን ግን ያላነሱትን እኔ ላንሳላቸው። እኛ ሀገር የእምነት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ሃይማኖት ወደ ሌላው የመሻገር ታሪክ ነው። ያን ጊዜ ከተለዩት ቤት ጋር ሒሳብ ማወራረድ ይመጣል። ድሮ በጨለማ ነበርኩ ይባላል፤ ያ ጨለማ የተባለው ደግሞ የጎረቤት እምነት ነው። ዜና አቅራቢ እንዲህ ቢጽፍ ምን ይደረግ? የሄደበትን መንገድ መናገር መብቱ ነው። የተወውን ቤት ካዋረደ ግን ጣቢያው ቢጠይቀው አልቃወምም። የሚጠየቀው ግን በማዋረዱ ነው። ያንኑ ነገር የኳስ ዘጋቢው ቢጽፈው፣ የአየር ጠባይ የምታነበውም ብትጽፈው እኩል መጠየቅ አለባቸው። እምነቱን መግለጹን ከስድብ ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ መከልከል ሰነፍ አሠራር ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ ስለዚህ በመንግሥት ጣቢያ የሚሠራ ሰው ስለ ሃይማኖት መጻፍ አይችልም ብለው ይደመድማሉ። አንቀጽ 11 የሚናገረው ስለ መንግሥትና ስለ ሃይማኖት ነው። መንግሥታዊ ሃይማኖት እንዳይኖር፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። ደመወዝ ከመንግሥት የሚቀበል ሰው እምነቱን በሩ ላይ አስቀምጦ ይግባ አይልም። እንዲያ ቢሆን ጅማ ውስጥ ያለ የመንግሥት ሐኪምና መምህር ሁሉ ጉድ ፈልቶበታል። አንቀጽ 27ን ደግሞ አልፈውታል። እሱ እያንዳንዱ ሰው እምነቱን ለብቻውም ከሌሎች ጋርም፣ በይፋም በግልም የመግለጽ መብት አለው ይላል። ስለ መንግሥት ጣቢያ የሚናገር አንቀጽም አለ፤ 29 ንዑስ አንቀጽ 5። የሚጠይቀው በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ነው። የሠራተኞቹን አፍ ይዝጋ አይልም።

ይህን ሁሉ ብዬ መረን ይለቀቅ አላልኩም። ዜና አቅራቢው መጽሐፉን በዜና ሰዓት አያስተዋውቅ፤ ያ ሰዓት የሱ አይደለም። የጣቢያው ስም ሽፋኑ ላይ ተለጥፎ ጣቢያው የመሰከረለት አይምሰል። ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። የራሱ ቤተ እምነት ውስጥ የሥልጣን ክርክር ሲነሳ፣ መጅሊስም ይሁን ሲኖዶስ ወይም ምእመን የተከፈለበት አጥቢያ፣ በመጽሐፉ ወገን የያዘ ሰው ያን ቃለ መጠይቅ ሌላ ባልደረባው እንዲያካሂደው ይተው። ይህ ሦስቱም በጣቢያ ደንብ ውስጥ በግማሽ ገጽ የሚጻፍ ነገር ነው። ጸሐፊው በዚህ ከተስማሙ ከመጽሐፉ ጋር ያላቸው ጠብ ምን ላይ እንደሚቀር በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ቢነግሩን ደስ ይለኛል።